ባለቤት የሌለው ቤተ መቅደስ

“ቱምብ ሬይደር” የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ሥራውን ከስሙ አልደበቀም፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ “መቃብር ዘራፊ” ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በደርቢ ከተማ የነበረው ኮር ዲዛይን የሠራው ይህ ጨዋታ፣ ላራ ክሮፍት የምትባል የባላባት ልጅ በፔሩ፣ በግሪክና በግብፅ ፍርስራሾች እየዞረች የአንድ ጥንታዊ ቅርስ ስባሪዎችን ስትፈልግ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥዕሉ ታድሶ ዳግም ስለ ታተመ ዛሬም የሚጫወተው አልጠፋም፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። እናም ውድ አንባብያን፣ ከዚህ በታች የምለውን የወዳጅ ወቀሳ አድርጋችሁ እንድትወስዱልኝ እለምናለሁ።

የጨዋታው ውበት ዝምታው ነው። ሙዚቃ የሚሰማው አልፎ አልፎ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ጊዜ የዋሻው ጉርምርምታና የላራ ኮቴ ነው። ወለሉ ሁሉ በእኩል አራት ማዕዘን የተከፋፈለ በመሆኑ ዝላይ በስሜት አይሞከርም። ከገደሉ አፋፍ መቆም፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መዝለል፣ ከዚያ ሮጦ መወርወር ነው። ግጥም ለሚሞካክር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስንኝ ስንሠራ ቀለም እንቆጥር የለ? አንዲት ቀለም ከጎደለች ስንኙ ገደል ይገባል፤ ላራም እንደዚያው።

ነገር ግን ያ ዝምታ ከየት መጣ? ጨዋታው ሲጀምር ላራ በበረዶ ከተሸፈነ የፔሩ ተራራ ላይ ከአንድ አገሬ መንገድ መሪ ጋር ትደርሳለች። የድንጋዩ በር ሲከፈት ተኩላዎች ይወጡና መሪውን ይገድሉታል። ከዚያ ወዲያ በፔሩ ዋሻዎች ውስጥ በሕይወት ያለ አንድም የአገሩ ሰው አይገጥመንም። ሁለተኛው ምዕራፍ “የቪልካባምባ ከተማ” ይባላል። ቪልካባምባ ፈጠራ አይደለችም፤ ኢንካዎች ከስፔናውያን ሸሽተው የመሸጉባት የመጨረሻ መናገሻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1572 ወደቀች፤ ንጉሧ ቱፓክ አማሩም ተይዞ በኩስኮ አደባባይ አንገቱ ተቀላ። በጨዋታው ውስጥ ግን የቪልካባምባ ነዋሪዎች ድብ፣ ተኩላና የሌሊት ወፍ ናቸው። ከዚያው የሚገኝ የወርቅ ጣዖት አለ፤ አገልግሎቱ በር መክፈት ነው። አንድ ሕዝብ ሊሰግድለት ይችል የነበረው ነገር ቁልፍ ሆነ ማለት ነው።

አበው “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ብለዋል። ጨዋታው ባለቤቱን ለመናቅ እንኳ አልደከመም፤ ጨርሶ አጠፋው። እኔን የሚከነክነኝ፣ ይህ ባዶነት የጨዋታ ሠሪዎች ብቻ ፈጠራ አለመሆኑ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲው መምህር ሂራም ቢንጋም እ.ኤ.አ. በ1911 ያችኑ ቪልካባምባን ፍለጋ ፔሩ ገባ፤ የደረሰውም ማቹ ፒቹ ነበር። ለዓለም “የጠፋችው ከተማ” ተብላ ተነገረች። ወደ ስፍራው የመራው ግን ሜልቾር አርቴጋ የተባለ የአካባቢው ገበሬ ነው። በጥንታውያኑ እርከኖችም ላይ ቤተሰቦች ሰፍረው ያርሱ ነበር፤ ፍርስራሹን እየዞረ ያሳየውም ከእነርሱ መካከል አንድ ትንሽ ልጅ ነው። ሰው የሚያርስበት ቦታ ለማን ነው የጠፋው? ቢንጋም በተከታዮቹ ዓመታት የሰበሰባቸው ቅርሶች ወደ ዬል ተወሰዱ፤ ፔሩም ብዙ ከተሟገተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ተመለሱላት።

እኔ በምሠራበት ባንክ ካዝናው የሚከፈተው በሁለት ሰዎች እጅ ባሉ ሁለት ቁልፎች ነው። አንዱ ያዥ ከቀረ ሌላው ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። በጨዋታው ግን ቁልፉ መሬት ላይ ወድቆ ይገኛል! (የእኛ ኦዲተሮች ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?) ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ባለበት አገር ያደገ ሰው ደግሞ ይህን የበለጠ ያውቃል። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው “አፍሮ አይገባ” የተባለው መስቀል በአንድ የቤልጅየም ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ2001 እስኪመለስ ድረስ በሕመምተኛ ላይ የሚያሳርፉት ካህናት፣ የሚሳለሙት ምእመናን ነበሩት። ለገዢው ግን ዕቃ ነበር።

በእርግጥ ሠሪዎቹም የገባቸው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው “ሻዶው ኦቭ ዘ ቱምብ ሬይደር” ላራ ከአንድ መቅደስ ጩቤ በማንሣቷ ጎርፍ ከተማ ያጠፋል፤ ፓይቲቲ የተባለችው ስውር ከተማም በሰው የተሞላች ናት። ደግ አደረጉ። ሆኖም ያን ሁሉ ሕዝብ የምታድነው ያችው ላራ ናት።

በየሰፈሩ ጌም ቤት መቆጣጠሪያውን የሚጨብጡ ልጆቻችን በዚህ ዓይነት ጨዋታ ሁልጊዜ የሚቆሙት ከሚገባው ወገን ነው፤ ከሚጠብቀው ወገን የቆሙበትን አላየሁም። እስቲ አንድ ሰው ይህን ይሥራልን፦ ተጫዋቹ ሸምገል ያለ ቄሰ ገበዝ ይሁን። በእጁ ጧፍ፣ በወገቡ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ፣ ጉልበቱም ያመዋል። ሌሊት ነው። ሁለት ሽጉጥ የታጠቀች ሴት ገደሉን እየቧጠጠች ስትወጣ ኮቴዋ ይሰማዋል። ቁልፉን የት ይሸሽገው? መስቀሉንስ ከማን ቤት ያሳድረው? ጧፉን ቢያጠፋው መንገዱ ይጠፋዋል፤ ቢተወው ትደርስበታለች። ደወሉ ዘንድ ለመድረስ ደግሞ ገና አርባ ደረጃ ይቀረዋል።