ከአበርገሌ ለዐውደ ርእይ ስለሚቀርበው ዕቃና ስለ ባለቤቱ

የአንድን ክፍል ሀብትና ልማት ለመምከር ጉባኤ በተጠራ ጊዜ፥ ከመሰብሰቢያው አዳራሽ አጠገብ የየወረዳው የምድር ፍሬና የእጅ ሥራ የሚታይበት ስፍራ ማሰናዳት የተለመደ ሆኗል። ልማዱም መልካም ነው። በአዳራሹ ውስጥ በቃል የሚነገረው ነገር በደጅ በዓይን ይታያል፥ በእጅም ይዳሰሳል፤ ስለ ልማት በወረቀት ብቻ ሲያነብ የኖረ ሹም አንድ ሙዳ ነጭ ማር በቀመሰ ጊዜ የአገሩን ሀብት ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይልቅ ያውቀዋል። ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ ዕቃው መቅረቡ ብቻ አይበቃም። ከዕቃው አጠገብ የሚቆመው ሰው ማን እንደ ሆነ ደግሞ ሊታሰብበት ይገባል። ለዚህም ነገር በዋግ ኽምራ የሚገኘው የአበርገሌ ወረዳ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አበርገሌ ከሰቆጣ ደጋ ወርዶ ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቅ ቆላ ሲሆን፥ የወረዳው ከተማ ኒሯቅ ይባላል። ዝናቡ ጥቂት፥ መሬቱም ድንጋያማ ስለ ሆነ ገበሬው ከእርሻው ይልቅ በፍየሉ ይተማመናል። በዚሁ አገር ስም የሚጠራው የአበርገሌ ፍየል አካሉ አነስተኛ፥ ጠጉሩም በብዛት ቀይ ቡናማ ሆኖ፥ ጥማትንና የግጦሽ እጥረትን ችሎ ወተትም ሥጋም ቆዳም የሚሰጥ ነው። ዘሩ በዋግ በኩል ባለው ወረዳም ሆነ በትግራይ በኩል በጣንቋ አበርገሌ አንድ ነው፤ ፍየል የአስተዳደር ወሰን አያውቅምና። ከፍየሉ ሌላ በቆላው ተዳፋት የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። በዋግ ደጋና ወይና ደጋ ነጭ ማር ይቈረጣል። ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከግድቡ በስተ ኋላ በተኛው ሐይቅ ዓሣ ማጥመድ አዲስ መተዳደሪያ ሆኗል። እንግዲህ ለዐውደ ርእይ የሚሆን ነገር ለአበርገሌ አይጎድላትም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሀብት ወደ ጉባኤ ሲመጣ የሚታየው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አንድ ብልቃጥ ማር፥ በሳሕን የተቀመጠ ጥቂት ዕጣን፥ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፍየል ሥዕል፥ ከሥዕሉም በታች የወረዳው የእንስሳት ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይቀርባል። ከአጠገቡ የሚቆመው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። የፍየሉ ጌታ ግን በቆላው ከመንጋው ጋር ቀርቷል። ሠራተኛው በዚህ አይነቀፍም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል፥ ዕቃውንም በክብር ደርድሯል። ችግሩ የሚገለጠው አንድ ነጋዴ ቀርቦ በጠየቀ ጊዜ ነው። ነጋዴው «በወር ስንት ራስ ፍየል ታቀርባላችሁ? ዕድሜው ስንት፥ ክብደቱስ ምን ያህል ነው? የምንረከበው በሰቆጣ ነው ወይስ በወልድያ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም «በወረዳው ሰፊ የፍየል ሀብት አለ» የሚል ይሆናል። ነጋዴው ስልክ ቁጥር ጽፎ ይሄዳል፤ ጉባኤው ሲያበቃ ዕቃው ተመልሶ በሣጥን ይከተታል፥ የተሳትፎ የምስክር ወረቀቱም በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ያ የምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ አንድ ፍየል እንኳ አልሸጠም።

ሰቆጣ በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለ ገበያ አልነበረችም። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመልና በአህያ ተጭኖ በሰቆጣ በኩል ወደ መሐል አገር ያልፍ በነበረበት ጊዜ፥ ከተማይቱ በጨው ንግድ የታወቀች ነበረች። በዚያ ገበያ ጨው የያዘ ሰው ከጨው አጠገብ ይቆማል፤ ገዥው አሞሌውን አገላብጦ ያያል፤ የተሰበረው ከደኅናው ያነሰ ዋጋ እንዳለው ሁለቱም ያውቃሉ። ማንም «በአርሆ አገር ሰፊ የጨው ሀብት አለ» ብሎ አልተናገረም፤ ቢናገርም የሚሰማው አያገኝም ነበር።

በውጭ አገርም ቢሆን የዐውደ ርእይ ሥራ ይህን ቁም ነገር የተማረው ቀስ በቀስ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. በለንደን በመስተዋት ቤት በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ስድስት ሚሊዮን ያህል ተመልካች እንደ ገባ ይታወቃል። በዚያ ግን በዕቃው ላይ ዋጋ መጻፍ ክልክል ነበር፤ አዘጋጆቹ ስፍራው የጥበብ መታያ እንጂ ሱቅ እንዳይመስል ፈርተው ነበርና። ከአራት ዓመት በኋላ በ1855 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው ግን ዋጋ መጻፍ ተፈቀደ። ተመልካች ዕቃውን ካየ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን መሆኑን ፈረንሳዮች ተረድተውት ነበር። በኢትዮጵያም በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በተከበረ ጊዜ በአዲስ አበባ የኢዮቤልዩ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ የውጭ መንግሥታት ሳይቀሩ ሥራቸውን አሳይተዋል። በ2014 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» የተባለው ንቅናቄ ከተጀመረ ወዲህም በአዲስ አበባ የሚሌኒየም አዳራሽ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ሥራቸውን በኤግዚቢሽን አሳይተዋል። የፋብሪካ ሰው ወደዚህ ሲመጣ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን ይዞ ይመጣል። ከቆላ የሚመጣው ዕቃ ብቻውን ያለ ዋጋና ያለ ቀን የሚቀርብበት ምክንያት የለም።

ስም ራሱ ሀብት መሆኑንም ማስተዋል ያሻል። የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም የቆዳ ንግድ ውስጥ በባቲ ስም ይታወቃል፤ ባቲ የገበያ ከተማ እንጂ ፋብሪካ አይደለችም። የሐረር፥ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስም የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ሆኖ እንዲመዘገብ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ አመልክቶ፥ ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር ብዙ ከተከራከረ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ተስማምቷል። የአበርገሌም ስም እንግዳ አይደለም፤ የግብርና ሊቃውንት በጽሑፋቸው ይጠሩታል፤ በመቀሌ የተቋቋመ አንድ የቄራ ድርጅት እንኳ ተሰይሞበት ነበር። ነገር ግን የስሙ ጥቅም ወደ አርቢው ኪስ ይደርስ ዘንድ በስሙ የሚሸጠው ፍየል በእርግጥ ከዚያ ዘር መሆኑን፥ ዕድሜውንና ጤንነቱን የሚመሰክር መዝገብ ያስፈልጋል። የሰቆጣ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ከመንደር አርቢዎች ጋር ሆኖ የተሻለ አውራ ፍየል እየመረጡ በጋራ የማርባት ዘዴን ሲሠራበት ቈይቷል። ለዐውደ ርእይ ሊቀርብ የሚገባው ይህ መዝገብ ነው፤ የፍየል ሥዕልስ ማንም አይቶ ያውቃል።

ስለ ቆዳው ጉዳይ ከሌላው ሰው ይልቅ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ያውቃሉ። ብራና በብዛት ከፍየል ቆዳ ይፋቃልና፥ በሚገፈፍበት ጊዜ ቢላ የነካው ቆዳ በተወጠረ ጊዜ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል፤ ጸሐፊውም ቃሉን በቀዳዳው ዙሪያ አዙሮ ለመጻፍ ይገደዳል። በየገዳሙ ዕቃ ቤት እንዲህ ያሉ ቅጠሎች ያሉባቸው መጻሕፍት ይገኛሉ። ብራና ፋቂው ያን ጊዜ ያጣው አንድ ቅጠል ነበር፤ ዛሬ ግን ቆዳ ፋብሪካው ቀዳዳ ያለበትን ቆዳ በዝቅተኛ ደረጃ ስለሚገዛው ኪሳራው የአርቢው ነው። አንድ የአበርገሌ ሰው በዐውደ ርእይ ላይ ደኅናውንና የተበላሸውን ቆዳ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሁለቱን ዋጋ ቢያሳይ፥ ከውጭ ገዥ ይልቅ ከጎረቤት ወረዳ የመጣው ገበሬ ብዙ በተማረ ነበር።

የዕጣኑ ነገር ግን ከሁሉ ይከብዳል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዕጣንና የፍየል ሥዕል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለተመልካች የተስማሙ ይመስላሉ። በቆላው ግን አንዱ የሌላው ጠላት ነው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ የውጭና የኢትዮጵያ ሊቃውንት ጥናት እንደሚገልጸው፥ በኢትዮጵያ፥ በኤርትራና በሱዳን የሚበቅለው ይህ የዕጣን ዛፍ በብዙ ስፍራ ታዳጊ ቡቃያ የለውም፤ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ምርቱ በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ምክንያቱም ቡቃያው በከብትና በፍየል ይበላል፥ በሰደድ እሳት ይቃጠላል፤ የቆመውም ዛፍ ያለ ዕረፍት በስለት ስለሚፋቅ ይደክማል። ሰው በመቅደስ የሚያጥነው ዕጣን ካረጀ ዛፍ የተለቀመ ነው፤ የዛፉ ልጅ የለም። ይህን ነገር የዕጣን ለቃሚውና የፍየል ጠባቂው ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ስለ ዕጣን ሊጠየቅ የሚገባውም እርሱ ነው፤ የትኛው ተዳፋት ስንት ዓመት ቢከለል ቡቃያው ከፍየል አፍ በላይ እንደሚደርስ፥ በዚያ ዘመንም መንጋው ወዴት እንደሚሄድ ሊናገር ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍን በመጠበቅ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ካህናት በአጥቢያቸው ለዕጣን ዛፍ የሚሆን ክልል እንዲለይ ቢመክሩ ነገሩ ከሥራቸው የራቀ አይደለም፤ ዕጣንን ከማንም ይልቅ የሚፈልጉት እነርሱ ናቸውና።

ሌላም በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባ ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት የአበርገሌን ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሎ ብዙውን ወደ ሰቆጣ አሰድዶታል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በ2016 ዓ.ም. ድርቅ በአበርገሌ፥ በሰሐላና በዝቋላ ወረዳዎች ከብትና ፍየል ፈጅቷል። ስለዚህ ከጦርነቱ በፊት የተቈጠረ የፍየል ቁጥር ዛሬ በዐውደ ርእይ ወረቀት ላይ ቢጻፍ፥ ገዥውን ማሳሳት ብቻ ሳይሆን አርቢውንም ይጎዳል። ገዥው በቁጥሩ ተማምኖ ብዙ ሲጠይቅ፥ የተረፈችው እናት ፍየል ለሥጋ ትነዳለች፤ መንጋውም ከዚያ በኋላ አይተካም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚሁ አገር ስም ተጠርቷል። የፍየል ወተት ለቆላው ሕፃን ምን እንደ ሆነ ለዋግ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሊሸጥ የሚገባው ወጠጤና ሙክት መሆኑን፥ የምትታለበዋ እንደማትሸጥ በወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ ነውር የለበትም፤ ቁም ነገረኛ ነጋዴም ያከብረዋል፤ የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የመጪውን ዓመት ፍየል ይፈልጋልና።

ለአርቢው፥ ለንብ አናቢውና ለዓሣ አጥማጁ የመንገድና የማደሪያ ወጪ መክፈል ለመሥሪያ ቤት ከባድ አይሆንም፤ ለሦስት ሠራተኞች ከሚከፈለው የውሎ አበል የሁለቱ ለባለዕቃዎች ቢዞር በቂ ነው። ሦስተኛው ሠራተኛ ግን ከእነርሱ ጋር መሄድ አለበት። ከዋግ ሰው ብዙው ኽምጣና በሚባለው አገውኛ የሚናገር ስለ ሆነ፥ ቋንቋውን የሚያውቅ አስተርጓሚና የሚጽፍ እጅ ያሻል። እርሱም የገዥውን ስም፥ የጠየቀውን ብዛት፥ የተስማሙበትን ዋጋና የርክክቡን ቀን በደብተር ይመዝግብ። ከጉባኤው በኋላ ሹሙ «ስንት ሰው ጎበኘን?» ከማለት ይልቅ ይህን ደብተር አስቀርቦ ቢያነብ፥ ወረዳው ያገኘውን ጥቅም በትክክል ያውቃል።

ስለ ጊዜውና ስለ ስፍራውም ማሰብ ይገባል። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ፍየል ነድቶ ወይም ዓሣ በበረዶ ጭኖ እዚያ ድረስ መሄድ አይሞከርም። ነገር ግን በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሻደይ በዓል ሲከበር፥ በሌላ አገር የሚኖረው የዋግ ተወላጅና እንግዳው ሁሉ ራሱ ወደ ሰቆጣ ይመጣል። ገዥ በእግሩ በሚመጣበት ቀን ዕቃውን ወደ ሩቅ ከመላክ ፍየሉን በሕይወቱ በሰቆጣ ማሳየት ይቀላል። በነሐሴ የሚታየው ማር ያምና ነው፤ የዘንድሮው የሚቈረጠው አበባው ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ፍየሉም የክረምቱን ቅጠል በልቶ ሥጋ የሚይዘው በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ በሻደይ ደብተሩ ይከፈት፥ ቀብዱም ይቀበል፤ ርክክቡ ግን በኅዳር በሰቆጣ ገበያ፥ ሚዛን ባለበት ስፍራ ይሁን።