ኢብን ፊርናስ የረሳው ጭራ



አዲስ ተማሪዎችን በተቀበልን ቁጥር የምናሳያት አንዲት ስላይድ አለችን። ክንፍ ያጠለቀ ሽማግሌ ከኮረብታ ላይ ሲዘል ይታይባታል፤ ከሥሩ «መብረርን ለዓለም ያስተማርነው እኛ ነን» የሚል ተጽፏል። ዘንድሮም አሳየናት። ተክቢር ተባለ። ከዚያ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከኋላ እጁን አወጣና «እንዴት አረፈ?» ብሎ ጠየቀ። መድረክ ላይ የነበርነው እርስ በርስ ተያየን፤ አንዳችን «ጊዜ ስላጠረን ወደሚቀጥለው እንለፍ» አልን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ በዕለቱ ያልሰጠነው መልስ ነው።

ክፉኛ ነው ያረፈው። ዐባስ ኢብን ፊርናስ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ በቁርጡባ የኖረ ሰው ነው። ገጣሚ ነበር፤ ከድንጋይ መስታወት ማውጣት ያውቅ ነበር፤ የውሃ ሰዓትም ሠርቷል። በ875 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ዕድሜው ከገፋ በኋላ፣ ላባ ለብሶና ክንፍ አበጅቶ ዘለለ። ታሪኩን የተረከልን አል-መቀሪ የሞተው በ1632 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ «ይህን ያህል ደቂቃ በረረ» እየተባለ የሚዞረውን ቁጥር ብንተወው ይሻላል። አል-መቀሪ ግን እኛ በስላይዳችን ላይ ያላስገባነውን አንድ ነገር ጽፏል። ሰውየው ጀርባው የተጎዳው ወፍ ስታርፍ በጭራዋ እንደምትጠቀም ስላላስተዋለና ለራሱ ጭራ ስላላበጀ ነው ይላል።

ለእኛ ከዝላዩ ይልቅ ይህ ዓረፍተ ነገር ይበልጣል። ክንፍ ያነሳል፤ ሚዛን የሚጠብቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው የበረራ ታሪክ ግማሹ የዚያ ጭራ ታሪክ ነው ብንል አላጋነንም።

የእኛኑ አገር ሰው እናንሳ። አስመላሽ ዘፈሩ የተማረው የጤና ሙያ ነው። በቁመቱ ምክንያት አብራሪ የመሆን ዕድል ሲያመልጠው፣ እያነበበና ቪዲዮ እያየ በአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ሠራ። ስሟን ኬ-570ኤ አላት፤ «ኬ» የእናቱ ስም መነሻ ፊደል ናት፣ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀበት ቀን። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሊያበራት ሲሞክር በፕሮፔለሩ ችግር ሙከራው ተቋረጠ። ያኔ ብዙ ሰው ሳቀ። እኛ የምንለው ግን ሌላ ነው፦ ያ ሰው 570 ቀን ሲደክም ከጎኑ ሆኖ ፕሮፔለሩን የሚያሰላ አንድ የኢንጂነሪንግ ክፍል ለምን አልነበረም?

አሁን ነገሩ ተለውጧል፤ የግል የአየር ተሽከርካሪ በኤሌክትሪክ መጥቷል። ኢሃንግ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሠራት ሁለት ሰው የምትይዝና 16 ፕሮፔለር ያላት አብራሪ አልባ ታክሲ በ2025 እ.ኤ.አ. በኪጋሊ ሰማይ ላይ ታይታለች። ለመሆኑ ሞተሩ ኤሌክትሪክ መሆኑ ምን ለወጠ? ብዙዎቻችን «ጭስ የለውም» እንላለን። ዋናው ግን እሱ አይደለም። የቤንዚን ሞተር ፍጥነቱን ለመቀየር ጊዜ ይወስዳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን በሰከንድ ሽራፊ ይፈጥናል፣ ይቀንሳል። በስምንት ወይም በ16 ፕሮፔለር ላይ የቆመ ነገር ጭራ የለውም፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው የእያንዳንዱን ሞተር ፍጥነት በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ እያስተካከለ ነው። ይህን በቤንዚን መሥራት አይሞከርም።

መቼ ማስተካከል እንዳለበት የሚነግረው ደግሞ ጋይሮስኮፕ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ብዙ ሰው ጋይሮስኮፕ ሲባል መኪናዋን በክብደቱ ይዞ የሚያቆም የሚሽከረከር ጎማ ይመስለዋል። በ1914 እ.ኤ.አ. ሎውረንስ ስፔሪ ፓሪስ ላይ እጁን ከመሪው አንስቶ፣ ረዳቱ ክንፍ ላይ ወጥቶ ሲራመድ አውሮፕላኑ ሳይዘነበል የሄደው በሚሽከረከር ጎማ ነበር፤ ያም ቢሆን ጎማው መዘንበሉን ያመለክት ነበር እንጂ በራሱ ጉልበት አውሮፕላኑን አልያዘም። ዛሬ ያ ጎማ የለም። ስልካችን ውስጥ ያለው ጋይሮስኮፕ ከጥፍር ያነሰ ሲሊከን ነው፤ ውስጡ በጣም ትንሽ አካል ይንቀጠቀጣል፣ ስልኩ ሲዞር ንቅናቄው አቅጣጫ ይስታል፣ ያም ይለካል። የሚነግረን «በዚህ ፍጥነት እየዞርክ ነው» ብቻ ነው። ያንን እየደመርን ማዘንበሉን ብናሰላ ትንንሽ ስህተቱ እየተጠራቀመ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያታልለናል። ስለዚህ የመሬት ስበት ወዴት እንደሆነ ከሚያውቅ ሌላ ሴንሰር ጋር ይጣመራል፤ አንዱ ፈጣን ግን ቀስ በቀስ የሚስት፣ ሌላው የሚረበሽ ግን የማይርቅ። ሁለቱ ምስክሮች ሲስማሙ ነው ኮምፒዩተሩ ለሞተሮቹ የሚያዘው።

ይህ «አይቶ፣ አነጻጽሮ፣ ማረም» የሚሉት ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ850 እ.ኤ.አ. አካባቢ ባግዳድ ላይ ሦስቱ የሙሳ ልጆች፣ በኑ ሙሳ፣ «ኪታቡል ሒየል» በተባለው መጽሐፋቸው ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ፋኖስ ነድፈዋል። ለነሱ ስላይድ የለንም። ምናልባት ስላልዘለሉ ይሆናል።

ወደ አገራችን እንምጣ። ከመካከላችን አንዱ የለሚ ልጅ ነው። ለሚ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብዙ ሰው ስሟን የሰማው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ከሸለቆው ማዶ መርሐቤቴ ነው፤ ዓለም ከተማ፣ እናት ሆስፒታል። አሞራ አፋፉን ለቆ በክንፉ ብቻ ሲሻገር ይታያል። ሰው ግን ወደ ቆላ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገቱን መውጣት አለበት። ወንድማችን «ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወርድ አይቻለሁ፤ አሞራውም ያን ጊዜ ከላያችን ነበር» ሲለን ክርክራችን ሁሉ ጸጥ አለ። ከዓልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣውን አቀበት የሚያውቁ እህቶችም ተመሳሳይ ነገር ነገሩን። ሱረቱል ሙልክ ላይ ስለ ወፎች የተነገረውን በየሌሊቱ የምንቀራ ሰዎች፣ ወፏን ቀና ብለን አይተን ዝም ማለታችን ይገርማል።

ታዲያ ሰው የሚጭን መኪና ይሁን? ስሌቱን ቁጭ ብለን ሠራነው። ሰውን ጨምሮ 200 ኪሎ የሚመዝን፣ ጠቅላላ የፕሮፔለር ስፋቱ 4 ካሬ ሜትር የሆነ ነገር እናስብ። በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ እዚያው አየር ላይ ለመቆም ብቻ 15 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል፤ ብክነቱን ጨምሮ ወደ 49 ኪሎዋት ይሆናል። 60 ኪሎ ባትሪ ብንጭንበትና እያንዳንዱ ኪሎ 200 ዋት ሰዓት ቢይዝ፣ ባትሪው እንዳይጎዳ አምስት እጅ ካለው አራቱን ብቻ ብንጠቀም፣ ያለን 12 ደቂቃ አይሞላም። ቤንዚን በኪሎ 12,000 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ሞተሩ አብዛኛውን ቢያባክንም ልዩነቱ ያው ሰፊ ነው። ሊሊየምና ቮሎኮፕተር የተባሉት የጀርመን ኩባንያዎች በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለኪሳራ የበቁት ገንዘብ አልቆባቸው ነው፤ ገንዘቡ እንዲያልቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ግን ይኸው የባትሪ ነገር ይመስለናል።

በዚህ ላይ የሸለቆ ነፋስ አለ። ቀትር ላይ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፤ አሞራው የሚወደው እሱን ነው፣ ለቀላል መኪና ግን ድንገተኛ ግፊት ነው። ባትሪ ቢያልቅ ደግሞ ባለ ብዙ ፕሮፔለር መኪና እንደ አውሮፕላን አይንሳፈፍም፤ ይወድቃል። የሰው ነፍስ አማና ናት። ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ሰው አንጭንም። አምስት ኪሎ የሚሆን መድኃኒት ወይም የደም ከረጢት የሚያሻግር ግን በዚሁ ባትሪ፣ በዚሁ ጋይሮስኮፕ ይቻላል፤ ቢወድቅም የሚሰበረው ዕቃ ነው።

የሚቃወሙን ወንድሞች አሉ። አንዳንዱ «ይህ የሀብታም መጫወቻ ነው፣ ኢስራፍ ነው» ይላል። ስለ ሰው መጫኛው ትክክል ነው። ስለ መድኃኒቱ ግን ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያ» ላይ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ እንደቆጠሯቸው፣ ሸማኔነትንና ግብርናን ሳይቀር እንደጨመሩ እናስታውስ። ማንም ካልሠራው ሁላችንም እንጠየቃለን ማለት ነው። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ዛሬ በአማራ ክልል ገጠር «ድሮን» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስታውስ እናውቃለን። ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ሲሰማ ሕፃን የሚደበቅበት ቀዬ ላይ ሄደን «መድኃኒት ነው» ብንል ማን ያምነናል? ለዚህ መልስ የለንም። በረራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከፈቃዱ በፊት ግን የሰዉ እምነት አለ። ስለዚህ አሁን ምንም አናበርም።

የምንለው የማይበር ነገር እንሥራ ነው። አንድ ጣውላ መሐሉ ላይ እንደ ሚዛን ይሰቀላል፤ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ትንንሽ ሞተር ከነፕሮፔለሩ፣ መሐሉ ላይ አንድ ርካሽ የጋይሮስኮፕ ሴንሰር። ሥራው ጣውላውን በጣት ሲገፉት ወደ ቀጥታ መመለስ ነው። ባዘነበለው ልክ ብቻ እንዲያርም ብናዘው ሲወዛወዝ ይውላል፤ ጋይሮስኮፑ የሚለካውን የመዞር ፍጥነት ስንጨምርበት ነው ረግቶ የሚቆመው። ኢብን ፊርናስ የረሳው ጭራ እዚህች መስመር ላይ አለ። ኤሌክትሪካል የሚማሩት ሞተሩን፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ ኮዱን፣ ሜካኒካል ጣውላውን፣ ጤና የሚማሩ እህቶች ደግሞ መድኃኒቱ ምን ያህል ቅዝቃዜና ንቅንቅ እንደሚችል ይያዙ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ያላገኘ ሰው ካለ ይኸውለት።

ስላይዷንም አንጥላትም። በሚቀጥለው ዓመት ከዝላዩ ሥዕል ቀጥሎ የአወዳደቁ ትገባለች፣ ከሥሯም የጣውላው ፎቶ። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጊዱ ጎን ባለው ዛፍ ሥር እንገናኛለን፣ ኢንሻአላህ። ጣውላውና ሁለት ሞተር አለን፤ ሴንሰሩን አንዲት እህት ልታመጣ ቃል ገብታለች። የጎደለን ፕሮፔለር ነው፤ ከተሰበረ መጫወቻም ቢሆን ያላችሁ አምጡ። ጥያቄውን የጠየቅከው ወንድማችንም እንዳትቀር።