የዳሎል ፖታሽ ባቡር ትምህርት

ስለ አገራችን የባቡር ታሪክ ሲጻፍ የጅቡቲው መስመር ብቻ ይወሳል። ሆኖም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ የኢጣሊያ ኩባንያ የዳሎልን ፖታሽ ለማውጣት ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥቶ ለማዕድኑ 28 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀረው የሚደርስ ጠባብ ሐዲድ ዘርግቶ በ1910 ዓ.ም. አጠናቋል። ጦርነቱ አብቅቶ የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ሲመለስ ማዕድኑ ቆመ፤ ሐዲዱም ሥራ ፈታ።

በእኔ እምነት የመስመሩ ድክመት የሐዲዱ ጥበት ሳይሆን ለአንድ ሸቀጥ ብቻ መዘርጋቱ ነው። ቡና፣ ቆዳና መንገደኛ ያጓጉዝ የነበረው የጅቡቲ መስመር ግን መሥራች ኩባንያው ቢከስርም በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጥሏል። ስለዚህ ዛሬ የዳሎልን ፖታሽ የማጓጓዣ መንገድ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከማዕድኑ ክምችት ባሻገር፣ አሞሌ የሚያመላልሱት የአፋርና የትግራይ ነጋዴዎች ከመስመሩ የሚያገኙትን ጥቅም አስቀድመው ሊመረምሩ ይገባል።