አባትየው አመልክቶ ነበር

ወገኔ፣ ዛሬ ስለ አልሸባብ ላወራህ ነው። «እሱ የሶማሌ ጣጣ ነው» ብለህ እንዳታልፈኝ። ቡሌ ሆራ ቁጭ ስትል ድንበሩ ሩቅ ይመስልሃል እንጂ፣ ይሄ በደጃችን የሚያልፈው አስፋልት ሞያሌ ነው የሚያደርስህ።

ሐምሌ 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የአልሸባብ ታጣቂዎች በኢትዮጵያና በሶማሊያ ድንበር ላይ ይድ እና አቶ የተባሉ ቦታዎችን አጠቁ። ቀድሞ የተዋደቀው የሶማሌ ክልል ልዩ ኃይል ነው፤ የሶማሌ ልጆች! ይሄን ያነሳሁት ሶማሊኛ ሲናገር የሰማኸውን ሁሉ በጥርጣሬ ለምታይ ለአንተ ነው።

ለኔ ግን ጠመንጃ ታጥቆ ድንበር የሚጥሰው አይደለም ትልቁ ስጋት፤ እሱን ወታደሩ ያየዋል። ቤት ተከራይቶ ጎረቤትህ የሚሆነውስ? ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ሲጫወቱ፣ አዲስ አበባ ቦሌ ውስጥ ሁለት ሰዎች ያዘጋጁት ቦምብ እዚያው በተከራዩት ቤት ፈንድቶ ገደላቸው። ያን ቀን ያተረፈን ስትራቴጂ አይደለም፣ የራሳቸው ቦምብ ነው።

ጋሪሳን ደግሞ አስታውስ። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. እዚያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 148 ሰው አለቀ። ከገዳዮቹ አንዱ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሩቅ ነበር፤ አባቱም ማንዴራ ውስጥ የመንግሥት ሹም። (ሥራ ያጣ ተመራቂ ሁሉ ለሽብር የተዘጋጀ ለሚመስላቸው፦ እኛ ዲግሪያችንን ይዘን ሲቪ ነው የምንበትነው።) ማንዴራ ከሱፍቱ ማዶ ናት፤ በነገሌ፣ በፊልቱ አድርገህ የምትደርስባት። አባትየው ልጁ መጥፋቱን ቀድሞ ለመንግሥት አመልክቶ ነበር።

አየህ? መጀመሪያ የሚያውቀው ደኅንነቱ አይደለም። አባት ነው፣ እናት ናት፣ ግመል የሚጠብቀው ልጅ ነው። ጥያቄዬም ይሄው ነው፤ እኛ ጋ እንዲህ ያለ አባት ቢኖር ደፍሮ ይናገራል ወይ?

የማውቀው ሰውዬ አውቶብስ ውስጥ ባለቤት የሌለው ሻንጣ አይቶ ኬላ ላይ ተናገረ። ሲከፈት ልብስ ብቻ ነው። እሱን ግን «አንተ በምን አወቅህ?» ብለው ሁለት ሌሊት አሳደሩት። አሁን እሳት ቢያይ እንኳ ጭስ አላየሁም ነው የሚልህ።

ይሄ ቀልድ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአፍሪካ ጥናት፣ ወዶ ከገባው ውስጥ 71 በመቶው የመጨረሻ ገፊ ምክንያት ያደረገው የመንግሥትን እርምጃ ነው፦ የዘመድ ወይም የጓደኛ መገደል፣ መታሰር። እኛም አዋጅ 652/2001 ጋዜጠኛ ሲያስርበት ኖረን፣ በ1176/2012 ተተካ። ቁጥሩ ተቀየረ፤ የኬላው ጠባይ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ስትራቴጂ የምትጽፉ ሰዎች፣ ከድሮኑ በፊት እረኛው ለማን ይናገር የሚለውን ጻፉልን። ለአባ ኦላው፣ ለሽማግሌው ተናግሮ ቤቱ የሚያድርበትን መንገድ አበጁ። ልጄ ጠፋ ያለ አባትም እንደ ተጠርጣሪ አይመርመር። ኬላው ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ይሄን ካነበባችሁ፣ ያን ሰውዬ ፈልጋችሁ ይቅርታ ጠይቁት።