ተሳስታ የማታውቅ ፈራጅ

ለወጣቶች የሚጻፉ ጨለም ያሉ ልብ ሰቃይ ልብወለዶች ዛሬ ዛሬ በአንድ ነገር ይመሰገናሉ። ሕግ ያልደረሰበትን ወንጀለኛ አንዲት ልጅ በራሷ እጅ ስትቀጣው ያሳዩናል፤ ደግ አደረገች ወይስ አጠፋች የሚለውን ለአንባቢው ይተዋሉ፤ ይህም ብስለት ነው ይባላል። እኔ ግን እነዚህ መጻሕፍት ለአንባቢው የሚተዉት ጥያቄ የለም ባይ ነኝ። ዋናውን ጥያቄ ደራሲው ቀድሞ መልሶታል። የሚቀጣው ሰው ጥፋተኛ መሆኑን እናውቃለን፣ ያውም ያለ አንዳች ጥርጥር።

የእንግሊዛዊቷን የሆሊ ጃክሰንን ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት ለምሳሌ የማነሣው ደካማ ስለሆኑ አይደለም። ከዘውጉ ምርጦች መካከል ናቸው፤ ብዙም ተነብበዋል። የመጀመሪያው «ኤ ጉድ ገርልስ ጋይድ ቱ መርደር» እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ፤ በ2024 ቢቢሲ ተከታታይ ድራማ አድርጎት በኔትፍሊክስ በኩል ብዙ አገር ደርሷል። መጨረሻውን ሳልናገር ልተቸው ስለማልችል፣ ያላነበበ ካለ ከወዲሁ ይወቅ።

ሊትል ኪልተን በምትባል ልብወለዳዊ ከተማ አንዲ ቤል የምትባል ተማሪ ትጠፋለች። የወንድ ጓደኛዋ ሳል ሲንግ ሞቶ ይገኛል፤ ከስልኩም ጥፋቱን የሚያምን መልእክት ተልኳል። ከተማው በቃ እሱ ነው የገደላት ብሎ ይፈርዳል። ከአምስት ዓመት በኋላ ፒፕ የተባለች ተማሪ ለትምህርት ቤት የጥናት ሥራ ብላ ጉዳዩን ስትመረምረው ሳል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሌላ ሰው ገድሎት ራሱን ያጠፋ አስመስሎታል፤ መልእክቱም የሐሰት ነው። ሳል አንድ ቀን እንኳ ችሎት ሳይቆም ቤተሰቡ በጎረቤት ዓይን ተፈርዶበት ዓመታት ኖሯል። ይህን መጽሐፍ ለማንኛውም ልጅ ብሰጥ ደስ ይለኛል። ሁሉም ሰው እርግጠኛ በሆነበት ጉዳይ መጠራጠር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አሳምሮ ያሳያልና።

በ2021 የወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ «አዝ ጉድ አዝ ዴድ» ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ፒፕን አንድ ሰው ይከታተላታል፤ ለፖሊስ ስታመለክት አይሰሟትም። የሚከታተላት የአንዲ አባት ጄሰን ቤል ነው፤ ሴቶችን በተከታታይ የገደለውም እሱው፤ በእሱ ወንጀል ደግሞ ቢሊ ካራስ የተባለ ሰው በሐሰት ቃል ታስሯል። ጄሰን ፒፕን ጠልፎ ያስራታል፤ ታመልጣለች። መንገዱ ክፍት ነው፣ መሮጥ ትችላለች። እሷ ግን መዶሻ ይዛ ተመልሳ ትገድለዋለች። ከዚያ የሚመጣው የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል ነው። የሞተበት ሰዓት እንዲሳሳት ፒፕና ወዳጇ ሬሳውን መኪና ውስጥ በማቀዝቀዣ ያቆዩታል፣ በኋላም ያሞቁታል፤ በመሐል ፒፕ ከጓደኞቿ ጋር ማክዶናልድስ ሄዳ ካሜራ ፊት ትቀመጣለች። የማክስ ሄስቲንግስ መኪና፣ ስልክና ጫማ ለማስረጃነት ይመቻቻል። ማክስ ሴት ደፍሮ ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበተው ልጅ ነው። በጄሰን ግድያ ተከሶ ዳግም ይቀርባል፤ በዚህኛው ጥፋተኛ ይባላል። ውሳኔው እንደተሰማ፣ ከወዳጇ ርቃ የከረመችው ፒፕ መልእክት ትልክለታለች፤ መጽሐፉም በዚህ ተስፋ ይዘጋል።

ልብ በሉ፣ ታሪኩ የሚቆመው ፍርድ ቤቱ ሁለት ጊዜ ከተሳሳተ ብቻ ነው። መጀመሪያ ደፋሪውን ይለቃል፤ ቀጥሎ ያልገደለውን ገዳይ ይላል። በመጀመሪያው ስህተት እንድንቆጣ ተደርገናል፣ በሁለተኛው እፎይ እንድንል። ደራሲዋ ፒፕን አላስጨነቀቻትም ማለቴ አይደለም። እንቅልፍ ታጣለች፣ ክኒን በድብቅ ትገዛለች፣ እጇ ላይ የሌለ ደም ይታያታል። ግን ጭንቀቷ ሁሉ «ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?» የሚል ነው፤ «ሰውየውን ተሳስቼ ይሆን?» የሚለው አይነካትም። ሊነካትም አይችልም፤ ደራሲዋ ጄሰንን በገዛ አፉ አናግራዋለች፣ ስለ ማክስም ጥርጣሬ የሚያስገባ ቀዳዳ አልተወችም። እንዲህ ያለ እርግጠኝነት በልብወለድ ካልሆነ በቀር ለሰው ልጅ አልተሰጠም።

ቁጣው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ እጋራዋለሁም። መጽሐፉ ከመውጣቱ ከሁለት ወር በፊት፣ ሰኔ 2021፣ የእንግሊዝ መንግሥት አስገድዶ መድፈርን በሚመለከት የፍትሕ ሥርዓቱን የመረመረ ሰነድ አውጥቶ ነበር። ለፍርድ የሚቀርቡ ክሶች በአምስት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወርደው ነበርና ሚኒስትሮቹ በጥልቅ እናፍራለን ብለው ጻፉ። እንደዚህ ባለ አገር የምታድግ ልጅ ሕግ አይደርስልኝም ብላ ብታስብ አልፈርድባትም። ነገር ግን መድኃኒት ተብሎ የቀረበላት ነገር ያው አገር የሚያውቀው አሮጌ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 በበርሚንግሃም ሁለት መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ። ስድስት ሰዎች ተይዘው በግድ በወሰዱባቸው ቃልና በማያስተማምን የላቦራቶሪ ምርመራ በ1975 ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ተሽሮ የተፈቱት በ1991 ነው። ሰዎቹን ያሰቃዩት መርማሪዎች ንጹሕ ሰው እያሰርን ነው ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። እንደ ፒፕ እርግጠኞች ነበሩ፤ የጎደለውን ማስረጃ ማሟላት ብቻ ነበር የቀራቸው።

እኛ አገር ደግሞ ይህን ለማስረዳት ልብወለድ አያስፈልግም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ ቦምብ ይዟል በተባለ ሰው ላይ ሕዝብ ተነሥቶ ገደለው፣ ሬሳውንም ዘቅዝቆ ሰቀለው፤ ቦምብ አልተገኘበትም። ከሁለት ወር በኋላ በምዕራብ ጎጃም ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ሕፃናትን ሊመርዙ መጡ በሚል ወሬ ተገደሉ። የደቦ ፍርድ የሚለው ቃል በየሰው አፍ የገባው በዚያ ሰሞን ነበር። በጎጃም የገደሉት ሰዎች ልጆቻችንን እያዳንን ነው ብለው ሳያምኑ አይቀሩም። ልጆች ልብወለድ አንብበው ሰው ይገድላሉ ብዬ አይደለም። የምፈራው ሌላ ነው። በእጅ ስለሚወሰድ ፍርድ ደጋግመው ያነበቡት ታሪክ ሁሉ ተጠርጣሪው ትክክለኛው ሰው የሆነበት ከሆነ፣ «ማን አየ? ማን ሰማ?» ብሎ መጠየቅን ከየት ይማሩታል?

ጨለማውም ግራ መጋባቱም ያላቸው የወጣት መጻሕፍት ጠፍተው አይደለም። ሎይስ ደንከን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው «ኪሊንግ ሚስተር ግሪፊን» ተማሪዎች ጥብቅ መምህራቸውን ሊያስፈራሩት ብቻ ይጠልፉታል፤ የልብ ሕመም እንዳለበት አያውቁም፣ መድኃኒቱን ሳያገኝ ታስሮ እንዳለ ይሞታል። ያላወቁት ነገር ነው ገዳይ ያደረጋቸው። ዋልተር ዲን ማየርስ ደግሞ በ1999 «ሞንስተር» ላይ የአሥራ ስድስት ዓመቱን ስቲቭን በግድያ ክስ ችሎት ያቆመዋል። ስቲቭ ነፃ ይወጣል። ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ ጠበቃው ፊቷን ታዞርበታለች፤ በመጨረሻው ገጽ እሱም እኛም ማን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለንም። መጽሐፉ በ2000 የመጀመሪያውን የፕሪንትዝ ሽልማት አግኝቷል። ልጆች አይችሉትም የሚል ሰው ካለ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሲችሉት ኖረዋል።

ጃክሰን ይህን መጻፍ ትችል ነበር፤ ሰው በእጇ ነበራት። የፒፕ ወዳጅ ራቪ የሳል ወንድም ነው። ወንድሙ በተመቻቸ ማስረጃ ገዳይ ተብሎ፣ ቤታቸው ተጠልቶ፣ እሱ ራሱ መንገድ ላይ እየተሰደበ ያደገ ልጅ ነው። ማክስ ላይ ማስረጃ ሲመቻች አብሯት የሚሠራው እሱ ነው። መጽሐፉ ይህን የፍቅሩ ታማኝነት ማሳያ ያደርገዋል። ሦስተኛውን መጽሐፍ ሳነብ እስከ መጨረሻው የጠበቅሁት ራቪ እምቢ የሚልበትን ገጽ ነበር።