በባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚጫወቱት ሙዚቃ በተነሣ ቍጥር «ይህ የፈረንጅ ነው» ብሎ ፊትን ማዞር በዱርቤቴም ሆነ በሌላው ከተማ የተለመደ ነው። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም፤ ምስክራችንም አንድ ካሴት ነው።

የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ፣ ባንዱ በ1981 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) አሜሪካ ሲሄድ በዚያው በዋሽንግተን ቀሩ። በ1985ም ብቻቸውን ተጫውተው «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት አወጡ። በካሴቱ ከበሮ መቺ የለም፤ ምቱን የሚሰጠው መኪና ነው። ሙግ የተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያና ሮድስ የተባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ያጅባሉ፤ ዜማውን ይዞ የሚመራው ግን በልጅነታቸው የተማሩት አኮርዲዮን ነው። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ወጣቶች እነዚህን የመሰሉ መኪናዎች ይዘው «ኒው ዌቭ» የሚባለውን ዘፈን ያወጡ ነበር። መሣሪያው ተቀራራቢ ነው። ነገር ግን የአቶ ኃይሉን «አምባሰል» ወይም «ሽለላ» ሰምቶ የእንግሊዝ ነው የሚል ጆሮ ቢኖር የጎጃም ጆሮ አይደለም። አገሩን የሚናገረው ቅኝቱ ነውና፤ አኮርዲዮኑስ ቢሆን መቼ እዚህ ተሠራ?

የሚያሳዝነው የኋላው ነገር ነው። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ካሴት ያገኘው በባሕር ዳር ነው። ባለቤቱንም ፈልጎ አስፈቅዶ በ2013 እንደገና አሳተመው። በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ብዙ ዓመት የቈዩት አቶ ኃይሉ ዳግመኛ በዓለም መድረክ ተጠሩ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጡ። ሰውየው ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣ፤ ከዱርቤቴ በመራዊ በኩል ባሕር ዳር ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

በዱርቤቴ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ስንት ካሴት እንዳለ የቈጠረ የለም። የካሴት ክር እርጥበት አይወድም፤ የእኛ ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤቶቻችንና የባህል ጽሕፈት ቤቱ አንድ የሚሠራ ቴፕና አንድ ኮምፒዩተር ይዘው ከዚህ ክረምት በፊት መቅዳት ቢጀምሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የተጫዋቹ ስምና ዓመቱ በደንብ ይጻፍ፤ ለሽያጭ የሚያባዛ ቢኖርም አስቀድሞ ባለመብቱን ያስፈቅድ። እስከዚያው ድረስ ቴፑ የተሰበረበት ሰው ካሴቱን ለልጆች መጫወቻ እንዳይሰጥ እንለምናለን።