ክሪክና መሬቱ

ከዲላ ወጣት ሠራተኞች መካከል መኪና ገዝቶ በግቢው መጠለያ የሠራ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው ክሪክ ነው። ሱቅ ሲገባም «ስንት ቶን ያነሣል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ 1 ቶን ገደማ ለሚመዝነው ቪትዝ ባለ 2 ቶኑ ይበቃል፤ ላንድ ክሩዘር ያለው ባለ 3 ቶኑን ይግዛ።

እኛን ግን ከቶኑ ይልቅ የሚያሳስበን መሬቱ ነው። ባለ መንኰራኵሩ የዘይት ክሪክ ክንዱ ሲነሣ በቅስት ስለሚሄድ ከመኪናው ሥር ጥቂት መንከባለል አለበት። መንኰራኵሮቹም ትንንሽ ብረቶች ናቸው። ይህ በሲሚንቶ ላይ ያምራል፤ በጌዴኦ ተዳፋት፣ ዝናብ ባራሰው ቀይ አፈር ላይ ግን ክሪኩ ይሰምጥና መኪናው ያዘነብላል። እንግዲህ ወለሉ ሳይለሰን ውድ ክሪክ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል አስጭኖ ማምጣት ምን ይባላል? ወለል የሌለው ሰው መኪናው ይዞት የመጣውን ክሪክ፣ ደልዳላ ቦታ ፈልጎ፣ በወፍራም ጣውላ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ያረጀ እንደ ሆነ ጭነቱ ይወርዳል። ድንጋይ ደርድሮ ከሥር መግባትም በየመንገዱ የምናየው ነው፤ ድንጋይ ግን ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታል። እኛ ብንሆን ርካሹን ክሪክ ገዝተን በተረፈው ሁለት የብረት ማቆሚያና ለጎማው ታኮ እንጨምር ነበር። ሻጩ ቅር ይለው ይሆናል።

ሜትርም መያዝ ደግ ነው። ጎማው የተነፈሰ ቪትዝ ወደ መሬት ይቀርባልና፣ ክሪኩ ዝቅ ብሎ ከሥሩ መግባቱ ሳይለካ ገንዘብ አይከፈልም።